የአንቀጽ 34 ሁለተኛው መስመር

ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በአገሪቱ ግዛቶች ሁሉ ሕጋዊ እንዲሆን ወሰነ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ውሳኔውን ለወራት ሲጠብቅ ቆይቶ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ይህንኑ ጥያቄ 10 ዓመት ገደማ ቀደም ብላ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በኩል አይታዋለች። ፍርድ ቤቱ ያን ጊዜ ፓርላማው ሕጉን በ12 ወር ውስጥ እንዲያስተካክል አዝዞ ነበር።

የአሜሪካው ውሳኔ ወሬ ኢትዮጵያም ደርሷል። በኢትዮጵያ ነገሩ በሕግ የተዘጋ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በእስራት ይቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 1ም ስለ ጋብቻ መብት ሲናገር «ወንዶችና ሴቶች» ይላል። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሰው ይህ መስመር ነው።

ቀጥሎ ያለውን መስመር የሚጠቅስ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ንዑስ አንቀጽ 2 ጋብቻ የሚመሠረተው በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ ነው ይላል። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ የሚቃወመውም ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች «ይህ ጋብቻ ነው ወይስ ወንጀል?» የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረው በዚህ መስመር ላይ ነው። ከአሜሪካው ውሳኔ 5 ወር ገደማ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ መቀመጫው ባንጁል የሆነው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በዚሁ ጉዳይ ላይ ኢትዮጵያን ጥፋተኛ ያደረገ ውሳኔ ሰጥቷል። የዋሽንግተኑን ውሳኔ የሰማ ሰው ሁሉ የባንጁሉን አልሰማም። ጉዳዩ ግን በአገሩ የሆነ ነበር።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ፣ ፈቃድ የሌለበት ጋብቻ ጋብቻ አይደለም የሚለው ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ከውጭ የመጣ የመብት ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ለዘመናት ሲገለገሉበት የኖሩት ፍትሐ ነገሥት ራሱ ጋብቻን ከተጋቢዎቹ ፈቃድ ጋር አያይዞታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱም ወገኖች መፍቀድ እንዳለባቸው ይደነግጋል፤ በኃይል የተገኘ ፈቃድ ጋብቻውን ሊያስፈርስ እንደሚችልም ይገልጻል። በዚያ ሕግ ሴት ልጅ ለማግባት 15 ዓመት፣ ወንድ 18 ዓመት መሙላት ነበረባቸው። የልጅቱ ዕድሜ ማነሱ ችግር ቢሆንም የፈቃዱ ነገር ተጽፎ ነበር።

በሩ የተከፈተው በሌላ ሕግ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 558 ጠለፋን ወንጀል ካደረገ በኋላ፣ የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ ከመሠረተች ክስ እንደማይቀርብ ይናገራል። አንቀጽ 599ም የመድፈር ወንጀልን በሚመለከት ተመሳሳይ ቀዳዳ ነበረው። ሕግ አውጪው «በፈቃዷ» የሚል ቃል ማስገባቱ እውነት ነው። ያንን ፈቃድ ማን ይለካዋል፣ የትና መቼ ይለካል የሚለውን ግን አልመለሰም።

የጠለፋን አካሄድ የሚያውቅ ሰው የዚህ ቃል አደጋ ወዲያው ይገባዋል። ጠላፊው ጓደኞቹን ያስተባብራል። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ፣ ገበያ ወይም ትምህርት ቤት ስትሄድ ወይም ስትመለስ ትያዛለች። ትደፈራለች። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ይላካል። በአባት ፊት ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ልጁን መልሶ ወስዶ «ሌላ የሚያገባት የለም» ከሚል ጎረቤት ጋር መኖር፣ ምናልባትም ከጠላፊው ቤተሰብ ጋር ደም መቃባት ነው። ሁለተኛው ካሳውን ተቀብሎ መታረቅ ነው። ብዙ አባት ሁለተኛውን መርጧል። እርቁ ሲፈጸም ልጅቱ «ሚስት» ትባላለች፤ ሚስት ከተባለች ደግሞ በሕጉ መሠረት ክስ የለም። ወንጀሉ ራሱን የሚያጥበው በዚህ መንገድ ነበር፤ የመጨረሻው ደረጃ የመጀመሪያውን ይሰርዘዋል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ፣ ይህን ሰንሰለት አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በጠመንጃ በጠሰችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠልፈው ወስደዋት ነበር። ልታመልጥ ስትሞክር ሲከታተሏት የጠላፊውን መሣሪያ አንሥታ ተኮሰች፤ ሰውየው ሞተ። የተከሰሰችው በነፍስ ግድያ ነው። ጉዳዩን የያዘላት ያኔ ገና የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት የሆኑት ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ በመጨረሻ ድርጊቱን ራስን መከላከል ነው ብሎ ተማሪዋን በነፃ አሰናበታት። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የተሠራው ከዚህ ታሪክ ተነሥቶ ነው።

ያ ፍርድ ትልቅ ነበር። ነገር ግን የመለሰው ጥያቄ ጠባብ ነው። የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ብትገድል ነፍሰ ገዳይ ናት ወይ? አይደለችም ተባለ። ሳትገድል፣ ሳትተኩስ፣ በሕግ መንገድ ብቻ ሄዳ «ይህ ሰው ባሌ አይደለም፣ ወንጀለኛ ነው» ብትልስ? ይህ ጥያቄ ሌላ ልጅ እስክትመጣ ጠበቀ።

መጣች። በመጋቢት 1993 በዚያው በአርሲ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠለፈችና ተደፈረች። ጉዳዩ ለፖሊስ ደረሰ፤ ተጠርጣሪው ተያዘ። ከዚያ በዋስ ተለቀቀ። እንደ ተለቀቀም ተመልሶ ጠለፋት። ለአንድ ወር ያህል ደብቆ ያዛት፤ የጋብቻ ውል ላይም በግድ አስፈረማት። እስክታመልጥ ድረስ ማለት ነው። ያ ወረቀት ዋና ነገር ነው። ጠላፊው ወረቀቱን የፈለገው ለፍቅር ማስታወሻ አልነበረም። የአንቀጽ 558 ቀዳዳ በእንዲህ ያለ ወረቀት እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

በሐምሌ 1995 የወረዳው ፍርድ ቤት ጠላፊውን በ10 ዓመት፣ 4 ግብረ አበሮቹን ደግሞ እያንዳንዳቸውን በ8 ዓመት እስራት ቀጣ። በጠለፋ ጉዳይ ግብረ አበሮችም ጭምር እንዲህ ሲፈረድባቸው ማየት ያልተለመደ ነበር። ደስታው ግን 5 ወር አልሞላውም። በኅዳር 1996 የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኙን ተመልክቶ ፍርዱን ሻረ፤ አምስቱም ተለቀቁ። ምክንያቱ ማስረጃው በፈቃደኝነት የተፈጸመ ድርጊት መሆኑን ያሳያል የሚል ነበር። የምንነጋገረው ስለ 13 ዓመት ልጅ ነው። በጥንቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ለማግባት 2 ዓመት ይቀራት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሁሉም የሚያውቀው የፍርድ ቤት መንገድ ነው። ወደ ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ተባለ፤ አልተቀበለውም። ወደ ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ተሄደ፤ መሠረታዊ የሕግ ስህተት የለውም ተብሎ ተመለሰ። በአገር ውስጥ የቀረ በር አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አቤቱታውን ለአፍሪካው ኮሚሽን አቀረቡ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕጉ ቆሞ አልጠበቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ፈቃድን በአንቀጽ 34 አስቀምጦ ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን ለሁለቱም ጾታ 18 አደረገ፤ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው የሚለውን የቀድሞ አነጋገርም አስቀረ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ዋናውን ቀዳዳ ደፈነ። በአንቀጽ 587 መሠረት ሴትን ለማግባት ብሎ የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ከጠለፋው ጋር መድፈር ካለም ስለ መድፈር የተደነገገው ቅጣት ተፈጻሚ ይሆንበታል። ከጠለፋው በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ተጠያቂነቱን አያስቀርም። ከሴቶች መብት ተሟጋቾች የረጅም ጊዜ ጥያቄዎች አንዱ በዚህ ተመለሰ።

እንግዲህ በወረቀት ላይ ነገሩ አለቀ። በአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ግን የታየው፣ ከሕጉ ይልቅ ሕጉን በእጁ የያዘው ሰው ዘግይቶ እንደሚደርስ ነው። በዋስ የለቀቀው ፖሊስ አለ። የልጅን ዝምታ «ፈቃድ» ብሎ ያነበበ ዳኛ አለ። እነዚህን በአዋጅ መሻር አይቻልም።

ጠባቂዎቹም ራሳቸው ተፈተኑ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብዓዊ መብት ላይ የሚሠሩ አገር በቀል ማኅበራት ከውጭ ምንጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከተጎዱት አንዱ ነው፤ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥባቸውን ሥራዎች ማጥበብ ግድ ሆነበት። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪሻር ድረስ 10 ዓመት አለፈ። የባንጁሉ ውሳኔ በመጣ ጊዜ በየክልሉ ዞሮ «ይህ ተወስኗል፣ እወቁት» ብሎ የሚያስረዳ ጠንካራ ድርጅት መጥፋቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኮሚሽኑ ያለው ይህን ነው። መንግሥት ጠለፋ በተስፋፋበት አካባቢ ከተለመደው የበረታ ጥበቃ ማድረግ ነበረበት፤ አላደረገም። የልጅቱን ክብር፣ የአካል ደኅንነትና ፍትሕ የማግኘት መብት አልጠበቀም። ስለዚህ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ ይክፈላት፤ በጠለፋና በመድፈር የሚፈጸም ጋብቻን ለማስቆም የበረታ እርምጃ ይውሰድ፤ ወንጀለኞችን በትጋት ይክሰስ፤ ዳኞችና የፍትሕ ሠራተኞችም ሥልጠና ያግኙ። ልጅቱ ስትጠለፍ 13 ዓመቷ ነበር። ይህ ውሳኔ ሲሰጥ ወደ 28 እየተጠጋች ነበር። የጉርምስናና የወጣትነት ዕድሜዋን በሙሉ ያሳለፈችው «ይህ ጋብቻ አይደለም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ስትጠብቅ ነው።

ይህ ሁሉ የአርሲ ገጠር ታሪክ፣ የድሮ ታሪክ ሊመስል ይችላል። ሐዋሳ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ አይቻላትም።

የአርሲው ፍርድ በተሻረበት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ያኔ የደቡብ ክልል መቀመጫ የነበረችው ሐዋሳ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 75፣ የወጣባት ከተማ ናት። ሕጉ እንደ ፌዴራሉ ሁሉ ፈቃድንና 18 ዓመትን አስቀመጠ። በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ በሰኔው ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሲሆን ሐዋሳ ዋና ከተማው ሆነች። ዛሬ ስሙን ከሐይቁ ዳር ተራራ በወሰደው በታቦርም ሆነ በሌሎቹ 7 ክፍለ ከተሞች ጋብቻ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይሰፍራል። ይህ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 መጨረሻ ነው። ሙሽሮቹ ሁለቱም ይቀርባሉ፣ ምስክሮቻቸው ይቀርባሉ፣ ሁሉም ይፈርማል። የአንቀጽ 34 ሁለተኛው መስመር በቢሮ ሥራ ሲተረጎም ይህን ይመስላል።

በግንቦት 2015 በዚህችው ከተማ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ተጠለፈች። ገጠር አይደለም፤ የክልል ዋና ከተማ ነው። ተማሪ ልጅ አይደለችም፤ ራሷን የቻለች ባለሙያ ናት። ተጠርጣሪውም ሕግ ያልሰማ ሰው አልነበረም። የከተማዋ ከንቲባ ጠባቂ የነበረ የጸጥታ አባል መሆኑ ተገለጸ። ከሳምንት በላይ የት እንደገባች ሳይታወቅ ቆየች። በማኅበራዊ ሚዲያ ቁጣው አገር አዳረሰ፤ ስሟ በየገጹ ተጻፈ፤ ባለሥልጣናት በየቀኑ ለጥያቄ መልስ መስጠት ያዙ። በመጨረሻ ተገኘች፤ ተጠርጣሪውም ተያዘ።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። የመጀመሪያው የሚያጽናና ነው። ከ30 ዓመት በፊት ቢሆን «ሽማግሌ ይላክ» የሚባልበት ጉዳይ በ2015 «ፖሊስ የት አለ?» የሚል አገራዊ ጥያቄ ሆነ። ያንን «ሚስቱ ናት» ብሎ በአደባባይ ለመከራከር የሚደፍር ብዙ ሰው አልታየም። ሁለተኛው የሚያሳስብ ነው። ሕጉ ከወጣ 18 ዓመት ቆይቶም፣ ሴትን ጠልፎ ሚስት ማድረግ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው የመንግሥት ደመወዝ እየበላ ሊኖር ይችላል። ስሟን የሚጮህላት ሰው የሌላት፣ ፎቶዋ በስልክ የማይዞርላት የገጠር ልጅ ደግሞ ያን ያህል ቁጣ አያገኛትም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁልጊዜ የሚነሡ ሁለት መከራከሪያዎች አሉ፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው ሁሉም ጠለፋ ጠለፋ አይደለም የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ጥሎሽ የከበደው ወይም ቤተሰብ የከለከለው ወንድ ከሚወዳትና ከምትወደው ልጅ ጋር ተስማምቶ የሚኮበልልበት ጊዜ አለ። ኩብለላና ጠለፋ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በሽማግሌ ያልቃሉ። ተከሳሾች «ወዳ ነው የመጣችው» የሚሉት በዚህ ተንተርሰው ነው። ሕጉ ለዚህ ቀላል መለኪያ አለው። 18 ዓመት ካልሞላት ወደደች አልወደደች ጋብቻ የለም። ከሞላት ደግሞ ፈቃዷ የሚጠየቀው ከጠላፊው ቤት ወጥታ፣ ከጠላፊውም ከሽማግሌውም ፊት ርቃ ነው። የአርሲው ይግባኝ ችሎት የሳተው ይህን ነበር።

ሁለተኛው የባህል መከራከሪያ ነው። ሲዳማን ጨምሮ ብዙ የኢትዮጵያ ሕዝቦች የሚያኮራ የእርቅ ሥርዓት አላቸው። በሲዳማ «አፊኒ» የሚባለው የመደማመጥና እውነትን የማውጣት ሥርዓት ፍርድ ቤት የማይደርስባቸውን ስንት ጠቦች አብርዷል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በባህላዊ ሕግ እንዲታዩ ይፈቅዳል። የሚፈቅደው ግን ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው። ጠለፋ ደግሞ የቤተሰብ ክርክር ሳይሆን ወንጀል ነው። ሽማግሌ የሁለት ቤተሰብ ደም እንዳይፈስ ማስታረቅ ይችላል፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። የልጅቱን ፈቃድ በእሷ ምትክ መስጠት ግን ማንም አይችልም። ባህሉን የሚያከብር ሰው ይህን ልዩነት ቢጠብቅ ባህሉን ከስድብ ያድነዋል።

ከሁሉም የሚገርመው የትኩረት አቅጣጫ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ፍርድ ቤት ስለ ጋብቻ ሲወስን አገር ሙሉ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ሊከራከር ይችላል። የትዳርን ክብር እንጠብቅ የሚለው ድምፅ ከፍ ይላል። የትዳር ክብር እዚህ ቤት ውስጥ የተነካው ግን በመጀመሪያው መስመር ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ተይዛ፣ ተደፍራ፣ አስፈርመዋት «ተዳረች» በተባለ ቁጥር ሁለተኛው መስመር ይጣሳል። ለመጀመሪያው መስመር የሚቆረቆር ሰው ለሁለተኛውም በዚያው መጠን ሊቆረቆር ይገባል።

ቀጣዩ የጠለፋ ዜና ሲመጣ፣ ከሐዋሳም ይሁን ከአርሲ ወይም ከሌላ ቦታ፣ ከቁጣው ጎን ለጎን ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይቻላል። ተጠርጣሪው በዋስ ተለቋል ወይ? ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው? ፈቃዷን የጠየቃት ማን ነው፣ የት ቆሞስ ነው? የአርሲዋ ልጅ ጉዳይ 14 ዓመት የተንከራተተው እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በመጀመሪያው ሳምንት በትክክል ሳይመለሱ ስለ ቀሩ ነው። መልሱ በወረዳው ፖሊስ ጣቢያና በወረዳው ችሎት ከተገኘ፣ ባንጁል ድረስ ሄዶ የሚጠብቅ አይኖርም።